ጃውስት ጦርነት አልነበረም፤ ጉግስም አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። እናንተም ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሁለት ፈረሰኞች ብረት ለብሰው፣ ረጅም ጦር ይዘው፣ ፊት ለፊት እየጋለቡ ስለሚጋጠሙበት ጃውስት ስለሚባለው ጨዋታ ነው። ጽሑፉ ይጥማል፤ አንዴ ከጀመሩት አያስቆምም። ችግሩ ከሚለው ነገር አብዛኛው ስህተት መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡን ሳላዛባ ላስቀምጠው። ጸሐፊው ጃውስት የዘመኑ የውጊያ ስልት ነበር፣ ሰዎችም እስከ ሞት ይጋጠሙ ነበር ይላሉ። ለዚህም በ1386 ፓሪስ ላይ ዣን ደ ካሩዥና ዣክ ለ ግሪ ያደረጉትን ፍልሚያ ይጠቅሳሉ። ቤተ ክርስቲያንም ግጥሚያውን ትባርከው ነበር ይላሉ። ፈረሰኞቹ የለበሱት ብረት ከመክበዱ የተነሳ በክሬን እየተነሱ ፈረስ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ከወደቁ መነሳት አይችሉም። ሕግ ብሎ ነገር የለም፤ የጣለ አሸነፈ፣ አለቀ ደቀቀ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1559 ሲሞት ደግሞ ጨዋታው በዚያው ቀረ። በመጨረሻም ጃውስት ማለት የእኛው ጉግስ ነው፤ ልዩነቱ እኛ በጀግንነት የምንጫወተውን ፈረንጆቹ ፈርተው ብረት ውስጥ ተደብቀው መጫወታቸው ነው ብለው ይደመድማሉ።

ጽሑፉ ያን ያህል የተሰራጨው በዚህች በመጨረሻዋ አባባል ይመስለኛል። እሷን አቆያታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደማስቀምጥ ልብ ይበሉልኝ።

ከጦርነቱ ልጀምር። ጸሐፊው ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በተለይ በሰሜን ፈረንሳይ ቶርናመንት የሚባል ነገር ነበር፤ ከጦርነት ብዙም አይለይም። ሁለት ትልልቅ ቡድኖች በሜዳ፣ በእርሻና በመንደር መካከል ይፋለማሉ። ዓላማው መግደል ሳይሆን መማረክ ነው። የተማረከ ሰው ፈረሱንና ጥሩሩን፣ ማለትም የብረት ልብሱን፣ ያጣል፣ ወይም ገንዘብ ከፍሎ ይለቀቃል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ማርሻል ርስት የሌለው ታናሽ ልጅ ሆኖ ሳለ ስሙንም ኪሱንም የገነባው በዚህ ነው። በ1219 ሊሞት ሲያጣጥር 500 ፈረሰኞች መማረኩን እንደተናገረ የሕይወት ታሪኩ ይተርካል።

ይህ ግን የቡድን ፍልሚያ ነው። ጃውስት የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ነው። በመጀመሪያ ከትልቁ ፍልሚያ በፊት እንደ ማሟሟቂያ የሚደረግ ነገር ነበር። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን እያደገ ሄዶ ራሱን ቻለ፤ በኋላም የቡድኑን ፍልሚያ ሸፈነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቀዋቸዋል።

ጃውስት የጦርነት ስልት ከነበረ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በክሬሲ በ1346፣ በፖይቲየ በ1356፣ በአዣንኩር በ1415 የእንግሊዝ መኳንንት እንዴት ተዋጉ? ከፈረስ ወርደው፣ በእግራቸው፣ ከቀስተኞቻቸው አጠገብ ቆመው ነው። እነዚሁ ሰዎች አገር ቤት ሲመለሱ ፈረስ ላይ ወጥተው ጃውስት ይጋጠማሉ። ለጦርነት ከፈረስ የሚወርድ፣ ለግጥሚያ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሰው ሁለቱን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው።

ጦሩም ራሱ ይመሰክራል። በሰላም ጃውስት የጦሩ ጫፍ ስለታም አልነበረም። ሦስት ወይም አራት አጫጭር ጥርስ ያለው፣ ዘውድ የሚመስል ብረት ይገጠምለታል። ይህ ብረት ጋሻን ቆንጥጦ ይይዛል እንጂ አይበሳም። በርግጥ በሹል ጦር የሚደረግ "የጦርነት ጃውስት" የሚሉትም ነበር። ዝነኛው ምሳሌ በ1390 በካሌ አቅራቢያ በሳን ኢንግልቬር የተደረገው ነው። ቡሲኮ የሚባለውን ጨምሮ ሦስት ፈረንሳውያን ለ30 ቀን የመጣውን ሁሉ እንገጥማለን ብለው አወጁ። አንድ የሰላም፣ አንድ የጦርነት ጋሻ ሰቀሉ፤ ተጋጣሚው የፈለገውን ይነካል። የመጡት በብዛት እንግሊዞች ናቸው፣ ምርጫቸውም የጦርነቱ ጋሻ ነበር። ይህ እንግዲህ ለጸሐፊው የሚመች ማስረጃ ነው፤ አልሸሽገውም። ግን ጊዜውን ተመልከቱ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በመቶ ዓመቱ ጦርነት መካከል የተኩስ አቁም ላይ ነበሩ። ጦርነቱ ስለቆመ ነው ለግጥሚያ የተገናኙት። በሹል ጦር የተደረገው ግጥሚያም ቢሆን ተራ፣ ቦታና ሥርዓት ነበረው።

የካሩዥና የለ ግሪ ነገርስ? ያ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። ካሩዥ ባለቤቴን ደፍሯል ብሎ ለ ግሪን ከሰሰ። ማስረጃው አላግባባ ሲል የፓሪስ ፓርላማ የተባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነገሩ በፍልሚያ እንዲለይ ፈቀደ። የሚያሸንፈው እውነተኛው ነው፣ ፈራጁም እግዚአብሔር ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ለ ግሪ ተገደለ፤ ሬሳውም እንደ ወንጀለኛ ተሰቀለ። ካሩዥ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ሚስቱም በሐሰት ከሳሽነት በእሳት ትቃጠል ነበር። ሁለቱ ሰዎች ፈረስ ላይ ሆነው በጦር መጀመራቸው ችሎቱን ስፖርት አያደርገውም። ይህን ለጃውስት ማስረጃ ማድረግ ፍርድ ቤትን ከስታዲየም ማምታታት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ባረከችው የሚለውን ለመመለስ ብዙ አልደክምም፤ እውነታው ተቃራኒው ነውና። በ1130 በክሌርሞን ጉባኤ የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት 2ኛ ቶርናመንትን አወገዙ። በዚያ የሞተ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበር ተወሰነ። በ1139 የላተራን ጉባኤ ይህንኑ ደገመው። እገዳው የተነሳው በ1316 በጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ ዘመን ነው። ወደ ሁለት መቶ ዓመት የተጠጋ እገዳ ማለት ነው። ሰው አከበረው ወይ? አላከበረውም። የእንግሊዙ ሪቻርድ 1ኛ በ1194 አምስት ቦታዎችን ለይቶ እንደየማዕረጉ ክፍያ እያስከፈለ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። አንዱ እጅ ሲያወግዝ ሌላው ግብር ይሰበስባል። ደስ የሚል ጉድ ነው፤ ቡራኬ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ክሬኑ። ይህ ተረት ዕድሜው ረጅም ነው። በ1944 በወጣ አንድ ዝነኛ የእንግሊዝ ፊልም ላይ ፈረሰኛ በማንሻ እየተንጠለጠለ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ይታያል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እውነት መስሎት ቀርቷል። ለጦር ሜዳ የሚለበሰው ሙሉ ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደቱ ደግሞ በትከሻ ብቻ አይወድቅም፤ ከራስ እስከ እግር በመላ አካል ይከፋፈላል። የዛሬ ወታደር በጀርባው ከዚህ የማያንስ ይሸከማል። ቅድም የጠቀስኩት ቡሲኮ ጥሩሩን እንደለበሰ ያለ እርካብ ዘሎ ፈረስ ላይ ይወጣ ነበር ተብሎ ተጽፎለታል። ከራስ ቁሩ በቀር ሙሉ ብረት ለብሶ ይገለበጥም ነበር። ሁሉም ሰው ቡሲኮ ነበር አልልም፤ ግን ክሬን የሚያሻው ልብስ ለብሶ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይኖርም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ለጃውስት ብቻ የሚሠራ ጥሩር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ ሄዶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ 40 ኪሎና ከዚያም በላይ የደረሰ ነበር። ይህን የለበሰ ሰው ደረጃ መሰል መወጣጫ ረግጦ፣ አሽከሮች ደግፈውት ይወጣል። ለምን እንዲህ ከበደ? ጃውስት የሚጋጠም ሰው መራመድ፣ ማጎንበስ፣ ዞሮ ማየት አያስፈልገውም። የሚጠበቅበት ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ብሎ መጋለብ ነው። ስለዚህ ብረት ሠሪዎቹ እንቅስቃሴን ሸጠው ደኅንነትን ገዙ። ልብሱ ለጦርነት እንዳልተሠራ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ጽሑፉ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ላይ ያሉት ፈረሶችም ጋሪ ጎታች ግዙፎች ናቸው። በ2021 የወጣ የእንግሊዝ አርኪኦሎጂስቶች ጥናት እንዳሳየው በዘመኑ የነበሩት ፈረሶች አብዛኞቹ ቁመታቸው ከ148 ሴንቲ ሜትር በታች ነበር። ለግጥሚያ የሚመረጠው ከዚህ ከፍ ያለ ቢሆንም የሥዕሉን ያህል አይደርስም።

ሕግ አልነበረም የተባለው ነው በጣም የቆጨኝ፤ ምክንያቱም የጃውስት ውበቱ ሕጉ ላይ ነው። በ1466 የእንግሊዙ ጆን ቲፕቶፍት ለንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ አለ። ሽልማት የሚያስገኙትን ሲዘረዝር ቀዳሚው ሰው መጣል አይደለም። በሥርዓቱ ብዙ ጦር የሰበረ ያሸንፋል ነው የሚለው። የተጋጣሚውን የራስ ቁር መመልከቻ ሦስት ጊዜ የመታም ይሸለማል። የጦሩን ጫፍ ከተጋጣሚው የጦር ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ያጋጨም እንዲሁ። አስቡት፤ እየጋለቡ ጫፍ ለጫፍ ማገናኘት! ተጋጣሚን ከፈረስ መጣልም ሽልማት አለው። ፈረስ የመታ ግን ሽልማት የለውም። ጀርባውን የሰጠን ወይም ጦር ያልያዘን ሰው የመታም እንዲሁ። በተጋጣሚዎቹ መሐል ያለውን አጥር ሦስት ጊዜ የመታም ሽልማቱ ይቀርበታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ዳኞቹ ነጥብ በወረቀት ላይ በጭረት ይመዘግቡ ነበር፤ ከእነዚያ ወረቀቶች ጥቂቶቹ ዛሬም ተቀምጠዋል።

ጦር መስበር ለምን ይሸለማል? ጦሩ ሲሰበር ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ በትክክል መመታቱን ሁሉም ሰው በዓይኑ ያያል፤ ዳኛ አይከራከርም። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ሊገፋ የነበረው ኃይል እንጨቱ ላይ ያልቃል። የመኪና ፊት ተጨማዶ ተሳፋሪውን እንደሚያተርፈው ማለት ነው። እያንዳንዱ ፈረስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጋልብ ሁለቱ የሚገናኙት በ60 ነው። ያ ሁሉ የሚያርፈው የጦሩ ጫፍ ላይ ነው።

አጥሩም እንዲሁ የታሰበበት ነው። መጀመሪያ ላይ በሁለቱ መካከል ምንም አልነበረም፤ ፈረሶች እርስ በርስ ተላትመው ፈረሰኛም ፈረስም ይሞት ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በመካከል ገመድ ተዘርግቶ ጨርቅ ይሰቀልበት ጀመር፤ በኋላ የእንጨት አጥር ሆነ። ተጋጣሚዎች በግራ ጎናቸው ይተላለፋሉ። ጦሩ ቀኝ ብብት ሥር ይያዝና በፈረሱ አንገት ላይ አግድም ወደ ግራ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ምቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ ያርፋል፤ ጦሩ በቀላሉ ይሰበራል። ደረቱ ላይ በስተቀኝ ጦሩን የሚደግፍ የብረት መንጠቆ አለ። የራስ ቁሩ ከፊትና ከኋላ ከደረት ብረቱ ጋር ይታሰራል፤ ምት ሲያርፍበት አንገት አይቀነጠስም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዚያ የራስ ቁር አሠራር ነው። መመልከቻው ከላይ ያለች ቀጭን ክፍተት ናት። ፈረሰኛው ወደ ፊት ካላዘነበለ በእሷ ማየት አይችልም። እያዘነበለ ይጋልባል፣ ያነጣጥራል። ምቱ ሊያርፍ ሲል ቀና ይላል። ያኔ ክፍተቷ ወደ ላይ ስለምትዞር የእንጨት ስንጥር ዓይኑ ውስጥ አይገባም። ግን እሱም ምንም አያይም። የሚመታበትን ቅጽበት በጨለማ ይቀበላል።

የጣለ አሸነፈ የሚለው ፈጽሞ ሐሰት እንዳይባል አንድ ነገር ልጨምር። በጀርመን አገር በተለይ ጃውስት በሚወደው በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን 1ኛ ዘመን መጣል ትልቅ ግብ የነበረባቸው ዓይነቶች ነበሩ። እንዲያውም የኋላ መደገፊያ የሌለው ኮርቻ ይጠቀሙ ነበር፤ የተመታው ሰው ተንሸራቶ እንዲወርድ። ሲመታ በብረት ሞላ ተፈናጥሮ አየር ላይ የሚበታተን ጋሻም ሠርተው ነበር። ተመልካች ምን ያህል እንደሚያብድ መገመት አያቅትም። ግን ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ሕግ አልባ ሰዎች ኮርቻ አይቀይሱም።

የሄንሪ 2ኛ ሞት እውነት ነው። ሰኔ 30 ቀን 1559 ፓሪስ ውስጥ፣ የሰላም ስምምነትና የቤተሰብ ሠርግ በዓል ላይ ነበር። ንጉሡ የስኮትላንድ ዘቦች አለቃ ከነበረው ከጋብሪኤል ደ ሞንጎምሪ ጋር አንድ ዙር ልድገም ብሎ ገባ። የሞንጎምሪ ጦር ተሰበረ፤ ስንጥሩ በራስ ቁሩ መከለያ ገብቶ ዓይኑን ወጋው። የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች አምብሯዝ ፓሬና ቬሳሊየስ ተጠሩ። አልሆነም፤ ከአሥር ቀን በኋላ ሐምሌ 10 ሞተ። በፈረንሳይ ጃውስት ከዚያ በኋላ ክብሩ እንደቀነሰ አልክድም።

ግን "በዚያው ቀረ" ማለት አያስኬድም። በእንግሊዝ የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ የንግሥና በዓል በየኅዳሩ በጃውስት ይከበር ነበር፤ እሷ በ1603 ስትሞት ጨዋታው አልሞተም። ጃውስትን ቀስ በቀስ ያዳከመው የጦር መሣሪያና የሠራዊት መለወጥ፣ የወጪው ብዛትና የቤተ መንግሥት ፋሽን እንጂ አንድ ስንጥር አይደለም። ሰው በሰው ላይ መጋለቡ ሲቀንስ ቀለበት መውጋት ቦታውን ያዘ። ፈረሰኛው እየጋለበ የተንጠለጠለ ቀለበት በጦሩ ጫፍ ያነሳል። በክሮኤሺያ ሲን ከተማ ሰዎች በ1715 ኦቶማኖችን ያሸነፉበትን ቀን ዛሬም በዚህ ዓይነት ጨዋታ ያከብራሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ስሙ፦ የሜሪላንድ ግዛት ከ1962 ጀምሮ ኦፊሴላዊ ስፖርቷ ጃውስት ነው፤ ያው የቀለበቱ ዓይነት። ጎረቤታችሁ ያለን ነገር ነው ጸሐፊው ከ460 ዓመት በፊት የቀበሩት።

አሁን ወደ ጉግሱ። ሁለቱም ፈረስ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም በበዓል ይደረጋሉ፣ ሁለቱም ከጦርነት ልምምድ ጋር ይዛመዳሉ። እስከዚህ ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። በጉግስ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ተራው ደግሞ ይገለበጣል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል፣ ያጎነብሳል፣ በፈረሱ ጎን ይሸጎጣል። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ጭብጨባው ያመለጠውም ነው። ፈረሱ ቀላልና ቅልጥፍና ያለው መሆን አለበት። በጃውስት ማምለጥ የለም። አጥሩ ከያዘህ ወዲያ ዞር ማለት አትችልም። መመታትህን እያወቅህ ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ። አንዱ ምትን በማምለጥ፣ ሌላው ምትን በመቀበል የሚደነቅ ጨዋታ ነው።

ፍርሃት የሚለውን ደግሞ በጸሐፊው በራሳቸው መለኪያ እንየው። መከላከያ መልበስና መሣሪያን ማደንዘዝ ፈሪነት ከሆነ ጉግስስ? ጉግስ የሚጫወት ሰው የሚወረውረው የብረት ጦር አይደለም፤ ዘንግ ነው። በእጁም ጋሻ ይዟል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ፈርተው ነው? አይደለም። በዓል ላይ ወንድምን መግደል ስላልፈለጉ ነው። አውሮፓውያኑም በጦራቸው ጫፍ ላይ ያን ዘውድ የመሰለ ብረት የገጠሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ለአንዱ ብልህነት፣ ለሌላው ፍርሃት ብሎ መስጠት ሚዛን መጣል ነው።

የሚያስቆጨው ጸሐፊው ጉግስን የሚመስል የአውሮፓ ጨዋታ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ማግኘታቸው ነው። በስፔን ከሙስሊም ሙሮች የተወረሰ የሸምበቆ ጨዋታ ነበር። ፈረሰኞች በቡድን በቡድን ሆነው ይሳደዳሉ፣ ሸምበቆ ይወራወራሉ፣ በቆዳ ጋሻ ይመክታሉ፣ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። የሚጋልቡትም በአጭር እርካብ፣ በቀላል ፈረስ ነው። የስፔን መኳንንት ይህንንም ጃውስትንም ይጫወቱ ነበር፤ ለየብቻ፣ በተለያየ ኮርቻና በተለያየ አጋላለብ። ሁለቱን አንድ ናቸው ያላቸው ሰው አልነበረም። በቱርክም ጂሪት የሚባል፣ ዘንግ የሚወራወሩበት የፈረስ ጨዋታ ዛሬ ድረስ አለ። ጸሐፊው ጉግስን ከእነዚህ ጋር አስተያይተው ቢጽፉ እኔው ራሴ ሼር ከሚያደርጉት አንዱ እሆናለሁ።